የመጻሕፍት ጠባቂ እንዴት ባለሙያ ሆነ

የትምህርት ቤት ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው መምህሩ ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ዲሬክተሩ፥ ተማሪውና ሕንፃው ይታሰባሉ። መጻሕፍቱ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሰው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ቢጠቀስ ነው። ብዙ ሰዎች የእርሱን ተግባር ቁልፍ መያዝ፥ አቧራ ማራገፍና የተዋሹን ስም በመዝገብ ማስፈር ብቻ አድርገው ይገምቱታል። በዚህ ሥራ ላይ የምንገኝ እኛም ብንሆን፥ «ይህ የያዝነው ነገር ሙያ ነውን? ወይስ የተሻለ ቦታ እስኪገኝ ድረስ የሚያርፉበት ጥላ ነው?» ብለን ራሳችንን ሳንጠይቅ የዋልንበት ዓመት የለም። ጥያቄው ግን ዛሬ የተወለደ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች በየአገሩ ጠይቀውታል፤ መልስም ሰጥተውበታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የመጻሕፍት ጠባቂ እንዴት ባለሙያ ወደ መሆን እንደ ደረሰ፥ ይልቁንም አንድ የሒሳብ መምህር ከብዙ ማመንታት በኋላ ይህን ሥራ እንዴት እንደ መረጡ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ እንወዳለን።

በአገራችን የመጻሕፍት ጥበቃ ታሪክ እጅግ የቆየ ነው። መጽሐፍ በብራና ላይ በሚጻፍበት ዘመን አንድ ታላቅ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየሎች ቆዳ ይፋቅ ነበር፤ ቁም ጸሐፊውም በሥራው ላይ ብዙ ወራት ይሰነብት ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ከንዋያተ ቅድሳት ጋራ ተቈጥሮ በዕቃ ቤት ይቀመጥ ነበር፤ የጥበቃውም ኀላፊነት በቄሰ ገበዙ ላይ ነበር። ማኅደር ተሰፍቶለት በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሰረቀውንና የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃልም በቅጠሉ ላይ ይጻፍበታል። ከዚህም ሌላ ብዙ ገዳማትና አድባራት የንብረታቸውን፥ ከዚያም ጋራ የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ያሰፍሩ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ካታሎግ የምንለው ነገር በሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሁለት ነገሮችን በስም ለይተው ይጠሩ እንደ ነበር ልብ ልንለው ይገባናል። መጽሐፍ የሚጠበቅበት ክፍል «ዕቃ ቤት» ሲባል፥ «መጻሕፍት ቤት» የተባለው ግን የትርጓሜ ትምህርት የሚሰጥበት ጉባኤ ነው። ተማሪው ንባቡን፥ ዜማውንና ቅኔውን ከተማረ በኋላ ወደ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉያትን፥ ሐዲሳትን፥ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን ከየመምህሩ እግር ሥር ሆኖ ያጠናል። አንዱን ጉባኤ ለመፈጸም ዓመታት ያልፋሉ፤ ከአገር ወደ አገርም መሻገር ግድ ይሆናል። አራቱን አጠናቅቆ የተመረቀውም «አራት ዓይና» ተብሎ ይከበራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአገራችን ተረትም የሚያስተምረው ሹመትና ማዕርግ ከዕውቀት በኋላ የሚከተል መሆኑን ነው።

እንግዲህ በጥንቱ ሥርዓት መጽሐፉን የሚጠብቀው አንድ ሰው፥ መጽሐፉን የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነበር። ለአስተማሪው ረጅም የትምህርት መንገድ ተሠርቶለታል፤ ጠባቂው ግን ታማኝነቱ ከታወቀ ይበቃ ነበር። የዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ታሪክ በአጭር ቃል ቢነገር፥ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው የሆኑበት ታሪክ ነው።

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ማተሚያ መኪና ከመፈልሰፉ በፊት፥ ከተፈለሰፈም በኋላ ብዙ ዘመን፥ በኮሌጆችና በአብያተ ክርስቲያናት የነበሩ መጻሕፍት በብረት ሰንሰለት ከጠረጴዛው ጋራ ይታሰሩ ነበር። የማይገኝ ነገር መታሰሩ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ኅትመት ተስፋፍቶ መጽሐፍ ከረከሰ በኋላም የሰንሰለቱ ልማድ በጠባቂዎች አእምሮ ውስጥ መቅረቱ ነው። ሰንሰለቱ ወደ ቁልፍ፥ ቁልፉም ወደ ክልከላ ተለወጠ እንጂ፥ ጠባቂው «መጽሐፉ እንዳይጠፋ» ከማለት አልፎ «መጽሐፉ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ገና ነበር።

ይህን ጥያቄ የሥራ ትምህርት አድርጎ ለማስተማር በአሜሪካ ቀድሞ የተነሣው ሜልቪል ዲውይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ታላላቅ ክፍሎች የሚመድበውን የአሥርዮሽ አመዳደብ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1887 ደግሞ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 20 ሲሆኑ 17ቱ ሴቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ኮሎምቢያ ሴቶችን በትምህርት ክፍሎቹ የማይቀበል ስለ ነበረ፥ የኮሌጁ የበላይ አስተዳዳሪዎች ክፍል ከለከሉት፤ ትምህርቱም በአንድ የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላም ትምህርት ቤቱ ወደ ኦልባኒ ተዛወረ። ዲውይ በጠባዩና ሰውን በዘር በማግለሉ በኋላ ብዙ ተወቅሷል፤ የአሜሪካው ማኅበርም በ2019 ስሙን ከአንድ ታላቅ ሽልማት ላይ አንሥቶታል። የተከለው ሐሳብ ግን ጸንቶ ኖረ፤ ይኸውም መጽሐፍን መመደብ፥ መመዝገብና ለአንባቢ ማድረስ በልማድ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ ሙያ ነው የሚለው ነው።

ከዚህ ዓይነት ትምህርት ከወጡት አንዷ ሚስ ሜሪ ኪንግስበሪ ናቸው። በብሩክሊን በፕራት ኢንስቲትዩት የቤተ መጻሕፍት ሥራ ተምረው በ1900 በዚያው በብሩክሊን በኢራስመስ ሆል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሾሙ። በአሜሪካ በሙያው ሠልጥኖ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተሾመ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። የዚህ ሹመት ትርጉም እንደምን ያለ ነው? እስከዚያ ድረስ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ትርፍ ጊዜ ባለው መምህር ወይም በጸሐፊ እጅ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ትምህርት ቤቱ ለሒሳብ የሒሳብ ባለሙያ፥ ለሳይንስ የሳይንስ ባለሙያ እንደሚሻ ሁሉ፥ ለመጻሕፍትም የመጻሕፍት ባለሙያ እንዲሻ በር ተከፈተ።

ስለ ሥራ ምርጫ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን ግን የሕንዳዊው የራንጋናታን ታሪክ ነው።

ሽያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን በ1892 በደቡብ ሕንድ ተወለዱ። በማድራስ ከተማ የሒሳብ ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ ተምረው በመንግሥት ኮሌጆች መምህር ሆኑ። ማስተማር ይወዱ ነበር፤ ሌላ ሥራም አላሰቡም። በ1923 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የሚሆን ሰው ሲፈልግ እርሳቸውም ስማቸውን አስገቡ። ለዚህ ቦታ 900 ያህል ሰዎች አመልክተው ሳለ በሙያው የሠለጠነ ከመካከላቸው አንድም እንዳልነበረ ይነገራል። ራንጋናታንም ቢሆኑ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የነበራቸው ዕውቀት ከፈተናው በፊት በአንድ ኢንሳይክሎፔዲያ ካነበቡት ጽሑፍ አያልፍም ነበር። የሆነው ሆኖ ተመረጡ፤ በጥር ወር 1924ም ሥራውን ተረከቡ።

ከተረከቡ በኋላ የሆነው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ አይመስለንም። ከተማሪ ጋራ መነጋገርና መከራከር የለመደ መምህር በመደርደሪያዎች መካከል ብቻውን ተቀመጠ። አንባቢ የለም፤ ጠያቂ የለም፤ ቀኑ አይመሽም። ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቈዩ ወደ አለቆቻቸው ሄደው ብቸኝነቱንና መሰልቸቱን ገልጸው ወደ ማስተማር ሥራቸው እንዲመለሱ ለመኑ።

እነዚያ አለቆች የሰጡት መልስ ታሪክ የሚያስታውሰው ነው። «ግዴታህ ነውና ተቀመጥ» አላሏቸውም፤ «እንግዲያውስ ሂድ» ብለውም አላሰናበቷቸውም። ወደ ለንደን ሄደው ሙያውን እንዲያጠኑ፥ ሲመለሱም ሥራውን ካልወደዱት የሒሳብ መምህርነቱ ቦታ እንዲጠብቃቸው ተስማሙ። በዚህ ስምምነት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጋጥመዋል፤ አንደኛው የመማር ዕድል ነው፤ ሁለተኛውም የመመለሻ መንገድ ነው። በራንጋናታን ሕይወት በኋላ የታየው ፍሬ ሁሉ የበቀለው ከነዚህ ከሁለቱ እንደ ሆነ እናምናለን።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ትምህርት ቤት ገብተው ሳለ በርዊክ ሴየርስ የተባሉ መምህር መሩዋቸው። ሴየርስ በለንደን አጠገብ ባለችው በክሮይደን ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዋና ኀላፊ ስለ ነበሩ፥ ትምህርቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ራንጋናታን ከመቶ በላይ ቤተ መጻሕፍት ተዘዋውረው አዩ። በዚያም ሕፃናት፥ ሠራተኞችና የቤት እመቤቶች የየራሳቸውን መጽሐፍ ሲያገኙ ተመለከቱ። በማድራስ የሰለቻቸው ቤት ሙት የነበረው ሥራው ራሱ ሙት ስለ ሆነ ሳይሆን፥ መጽሐፍንና አንባቢን የሚያገናኝ ሰው ስላልነበረው መሆኑን የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው።

ትምህርት ከክፍል ውጭም ይገኛልና፥ በለንደን በአንድ ታላቅ መደብር ያዩት የልጆች መጫወቻም ለሐሳባቸው ጠቀመ። መጫወቻው ሜካኖ ይባላል፤ ጥቂት የብረት ቍራጮች በብሎን እየተጋጠሙ አንድ ጊዜ ድልድይ፥ አንድ ጊዜ ጋሪ፥ አንድ ጊዜም ሌላ መኪና ይሆናሉ። ራንጋናታን ይህን አይተው፥ የዕውቀትን ዓይነት ሁሉ አስቀድሞ በዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ ጥቂት መሠረታውያን ክፍሎችን አዘጋጅቶ እንደ አስፈላጊነቱ ማጋጠም እንደሚቻል አሰቡ። ከዚህም የተነሣ ሁለት ነጥብን እንደ ማጋጠሚያ የሚጠቀመውን የኮሎን አመዳደብ ፈጥረው በ1933 አሳተሙ። ከሒሳብ የመጣ አእምሮ በመጻሕፍት ሥራ ውስጥ ባዕድ ሆኖ እንዳልቀረ፥ እንዲያውም አዲስ ነገር ይዞ እንደ መጣ ከዚህ እናስተውላለን።

በሐምሌ ወር 1925 ወደ ማድራስ ሲመለሱ የሒሳቡ ቦታ ክፍት ነበር፤ ሊመለሱበት ግን አልፈለጉም። መደርደሪያዎቹን ለአንባቢ ከፈቱ፤ ቤቱ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት አራዘሙ፤ አንባቢውን ተቀብሎ የሚረዳ ሠራተኛም አቆሙ። በ1928 የማድራስ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እንዲመሠረት አደረጉ፤ በሚከተለው ዓመትም ማኅበሩ ለሠራተኞች የሥልጠና ትምህርት ጀመረ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን ተረከበው። በ1931 የሙያውን አምስት ሕጎች የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጡ። የሕጎቹ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ያለ ነው፤ መጽሐፍ የተዘጋጀው እንዲሠራበት እንጂ እንዲከማች አይደለም፤ ማንም አንባቢ ከሚገባው መጽሐፍ ሊለይ አይገባውም፤ መጽሐፍም ሁሉ የሚፈልገውን አንባቢ ሊያገኝ ይገባዋል፤ የአንባቢ ጊዜ በከንቱ ሊባክን አይገባውም፤ ቤተ መጻሕፍትም እንደ ሕያው ፍጥረት ሳያቋርጥ የሚያድግ ነገር ነው። በዚያው ዓመት በታንጆር አውራጃ በማናርጉዲ፥ ከርሳቸው ሐሳብ በመነሣት፥ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ላይ የተጫኑ መጻሕፍት በየመንደሩ ይዞሩ ጀመር። በ1942 ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1948ም በነፃዪቱ ሕንድ የመጀመሪያ የሆነው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ በማድራስ ሲወጣ የብዙ ዓመት ድካማቸው ፍሬ አፈራ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ፥ «አንድ ጎበዝ የሒሳብ መምህር ጠፋ» ይሉ ይሆናል። ለእኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ራንጋናታን ማስተማርን አልተዉትም፤ የሚያስተምሩበትን ቦታ ብቻ ለወጡ። በክፍል ውስጥ ሳሉ አንድን ትምህርት ለአርባ ተማሪዎች በአንድ ቃል ይሰጡ ነበር፤ በቤተ መጻሕፍት ግን ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ለመስጠት ቻሉ። በአባቶቻችን አነጋገር ብንገልጸው፥ ወደ ዕቃ ቤት ተልከው መጻሕፍት ቤት አደረጉት።

ወደ አፍሪካና ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ መጻሕፍቱ ከሠራተኛው ቀድመው እንደ መጡ እናያለን። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። ዛሬ «ወመዘክር» እያልን በአጭሩ የምንጠራው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት በሙያው የምስክር ወረቀት የሚሻ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት። በአፍሪካ በናይጄርያ በኢባዳን እ.ኤ.አ. በ1960፥ በኡጋንዳ በማኬሬሬም በ1963 የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መንገዱ አጠረ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1961 የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በማኅበር ተሰባሰቡ። በ1990 ደግሞ በዩኔስኮና በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ርዳታ፥ ለአፍሪካ አገሮች የሚያገለግል የመረጃ ሳይንስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ ባሕር መሻገር ምርጫ እንጂ ግዴታ አልሆነም።

ይሁን እንጂ የከፍተኛ ትምህርት መገኘቱ ብቻውን የትምህርት ቤቱን ጥያቄ አይመልስም። በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ባንክ፥ ወደ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ይጠራል፤ የደመወዙም ልዩነት ቀላል አይደለም። በትምህርት ቤት የቀረው ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ ይሳባል። መምህር የነበረ እንደ ሆነ ክፍሉ ይናፍቀዋል፤ ጸሐፊ የነበረም እንደ ሆነ ቢሮው ይጠራዋል። የሄደውን ሰው ልንነቅፈው አይገባንም፤ ልጆች ለማሳደግ የተሻለ ደመወዝ መሻት ነውር አይደለምና። ነገር ግን መሄድና መቅረት ምርጫ የሚባሉት ሰውየው ሙያውን ካወቀው በኋላ ነው። ሳያውቀው የሄደ ከምን እንደ ሄደ አይረዳም፤ ሳያውቀው የቀረም ቁልፍ ይዞ ቀረ እንጂ መረጠ አይባልም።

በሥራችን ካየነው አንድ ምሳሌ ብንጠቅስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ ትምህርት ቤት ብዙ መልካም መጻሕፍት በርዳታ መጥተው ሳለ፥ የሚመድባቸው ሰው ስላልነበረ ከነሣጥናቸው ዓመታት ቈዩ። ጠባቂው ታማኝ ሰው ነበር፤ ከቈጠራው አንድም አልጐደለበትም። ተማሪዎቹ ግን አንዱንም ሳያነቡ ከትምህርት ቤቱ ወጡ። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የጠባቂው ነው ለማለት አንደፍርም፤ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲጠብቅ ነበርና ጠብቋል። ሙያውን የሚያስተምረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያ ታማኝነት ስንት ፍሬ ባፈራ ነበር!

እንግዲህ ከራንጋናታን ታሪክ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚማሩት ነገር አለ። ወደ ቤተ መጻሕፍት የተመደበ መምህር ሥራው ሰለቸኝ ቢል፥ ቃሉ የስንፍና ምልክት ተደርጎ ባይወሰድ መልካም ነው። መሰልቸቱ ራሱ ለሥራ የሚናፍቅ ሰው መሆኑን ሊያሳይ ይችላልና። እንዲህ ላለው ሰው የሚበጀው መጀመሪያ መማር ነው፤ የሚማርበት ቦታ ሩቅ ቢሆን እንኳ ደኅና ወደ ሆነ ቤተ መጻሕፍት ለጥቂት ሳምንታት መላክ ይቻላል። ሁለተኛም የመመለሻውን መንገድ አለመዝጋት ነው፤ ተገዶ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከበሩ ላይ አይነሣምና። ሦስተኛው፥ ሠልጥኖ ሲመለስ ከመምህራን ጋራ በአንድ ጉባኤ እንዲቀመጥና በትምህርቱ ዕቅድ እንዲመክር ማድረግ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባወጡት መግለጫም ያሳሰቡት ሠራተኛው በሙያው የሠለጠነና ከመምህራን ጋራ ተባብሮ የሚሠራ እንዲሆን ነው።

ለእኛ ለሠራተኞቹ ደግሞ የሚቀረን የራሳችን ድርሻ ነው። በዚህ ሙያ መማር በዲፕሎማ የሚፈጸም አይደለም። በቀድሞ ዘመን የተማርነው የካርድ ካታሎግ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል፤ ለብዙ ዓመታት ካርዶችን ለዓለም ቤተ መጻሕፍት ሲያትም የነበረው የአሜሪካ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ኅትመቱን አቁሟል። ዛሬ ተማሪው በእጁ ስልክ ከመደርደሪያችን የሚበልጥ ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ የተነሣ የእኛ ሥራ አበቃ የሚሉ አሉ። ለእኛ ግን ሥራው የከበደ እንጂ ያበቃ አይመስለንም። ጥቂት መጻሕፍት በነበሩበት ዘመን ተማሪው የሚቸገረው በማጣት ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቱን ከሐሰቱ፥ ጠቃሚውን ከማይጠቅመው ለይቶ ባለማወቅም ይቸገራል። ይህን መለየት የሚያስተምር ሰው ራሱ ሁልጊዜ ተማሪ መሆን ይገባዋል። ባልደረባን መጠየቅ፥ አዲስ የወጣውን ማንበብ፥ መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያስተምር አስቀድሞ ማወቅ፥ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ የትምህርት መንገዶች ናቸው።

አባቶቻችን አንድ መጽሐፍ ከእሳትና ከሌባ አድነው ለእኛ ያስተላለፉት በታላቅ ድካም ነው፤ ስለዚህ ጥበቃን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን የመጠበቁ ምክንያት በመጨረሻ አንድ ሰው ገልጦ እንዲያነበው ነው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ያን አንባቢ የሚያስተናግድ ሰው ነውና፥ ሥራውን ተምሮ፥ አውቆና ወድዶ እንዲይዘው ዕድል ይሰጠው። ዕድሉ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ በሰላም ይሂድ፤ ቢቀር ግን የሚቀረው ባለሙያ ነው፤ በእርሱም እጅ ቁልፉ ለመዝጋት ብቻ ሳይሆን ለመክፈት ያገለግላል።